ድምፅሽ የት ይቆጠር?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ እንደሚመርጥ ይናገራል። አንቀጽ 32 ደግሞ ማንኛውም ዜጋ በፈለገው ጊዜ ከሀገር የመውጣት ነፃነት አለው ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው፣ የወጣ ዜጋም ይመርጣል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011 ግን መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ይጠይቃል። ቤይሩት የምትኖር ኢትዮጵያዊት የትኛው ምርጫ ክልል ውስጥ ኖረች ትበል?

ወሬው ሲነሣ ሁሌም «ዳያስፖራው» ይባልና ሳናስበው ዋሽንግተን እንደርሳለን። እኔ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። እኛ ሰፈር ውጭ አገር ማለት በአብዛኛው ዓረብ አገር ነው። ዋሽንግተን ያለው ወገናችን ብዙው የአሜሪካ ዜግነት ወስዷል፤ በዜግነት አዋጅ 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ቢጫ ካርድ የሚሰጠው አዋጅ 270/1994ም፣ ያለ ቪዛ መግባትና ሌላ ሌላ ነገር ፈቅዶ፣ መምረጥና መመረጥን በግልጽ ከልክሏል። እንግዲህ ፓስፖርቱም ዜግነቱም ያልተነካ፣ መብቱ በወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ማን ነው? የቤት ሠራተኛዋ ናት። ክርክሩ ውስጥ ስሟ የማይነሣው እሷ።

የአክስቴ ልጅ በ2008 ነው የሄደችው። የእናቷን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰችው፣ የወንድሟን ትምህርት የከፈለችው እሷ ናት። ሰኔ 14 ቀን 2013 ማታ በኢሞ ደወለች።

«መረጥህ?»

«መረጥሁ።»

«ለማን ሰጠኸው?»

«ምስጢር ነው» አልኋት።

«እኔማ ቢኖረኝ እነግርህ ነበር» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ስለ ማዳሟ ልጅ አወራችኝ። ሊባኖስ ውጭ አገር ያሉ ዜጎቿን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስመረጠችው በሚያዝያ 2010 ነው። ልጁ ፓሪስ ሆኖ መርጦ፣ ቀለም የነካ ጣቱን ፎቶ አንሥቶ ለእናቱ ላከ። ማዳም ደስ ብሏት ስልኩን ለአክስቴ ልጅ አሳየቻት። እሷም «ማብሩክ» ብላ ወደ ዕቃ አጠባዋ ተመለሰች።

ጓደኞቼ ሙያዬን ስለሚያውቁ «አንድ አፕ ሠርተህ አትገላግለንም?» ይሉኛል። አፑ ቀላሉ ነው። የሚከብደው ድምፁ የት ይቆጠር የሚለው ነው። የእኛ ምርጫ በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘው የሚያሸንፍበት ነው፤ ስለዚህ የእሷ ድምፅ ደብረ ማርቆስ መድረስ አለበት። ደግሞ ቆጠራው በየምርጫ ጣቢያው ተካሂዶ ውጤቱ እዚያው ይለጠፋል። ይህ መልካም ሥርዓት ነው፤ ሰው ዓይኑ እያየ ይቆጠራል። ነገር ግን ለአንድ ጣቢያ ከውጭ የመጣው ድምፅ 3 ብቻ ቢሆንና ለብቻው ቢለጠፍ፣ ሦስቱም ለአንድ ፓርቲ ከሆኑ ምስጢሩ አለቀ። ሰፈሩ እነማን ውጭ እንዳሉ ያውቃላ! ከአገር ውስጡ ድምፅ ጋር በምርጫ ክልል ደረጃ ተቀላቅሎ መቆጠር ይኖርበታል።

ከቦታው ርቆ መምረጥ ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። ሚያዝያ 1985 የኤርትራ ሪፈረንደም ሲካሄድ አዲስ አበባ ያሉ ኤርትራውያን እዚሁ ሆነው ድምፅ ሰጥተዋል፤ ሱዳንም፣ ሳዑዲም ያሉት እንዲሁ። እርግጥ ያ ጥያቄ አንድ፣ መልሱም አዎ ወይ አይ ስለነበር የምርጫ ክልል ጣጣ አልነበረበትም። የበለጠ የሚቀርበን የሐረሪዎች ጉዳይ ነው። ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች 14 መቀመጫ ላለው ብሔራዊ ጉባኤያቸው ይምረጡ ወይስ አይምረጡ በሚለው በ2013 ክርክር ተነሣ። ምርጫ ቦርድ አይሆንም አለ፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ይምረጡ ብሎ ወሰነ። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ለሐረር መምረጥ ከተቻለ፣ ቤይሩት ሆኖ ለደብረ ማርቆስ መምረጥ የርቀት ጉዳይ ነው። ኤምባሲዎቻችን የዓባይን ግድብ ቦንድ በየአገሩ ሸጠዋል። ለገንዘቡ ሲሆን ርቀቱ አላስቸገረም።

«እዚህ የማይኖር ሰው እዚህ የሚኖረውን ለምን ይወስናል?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። ለዋሽንግተኑ ሰው ከሆነ ጥያቄው ያከራክራል። የአክስቴ ልጅ ግን የሄደችው ልትመለስ ነው፤ ስትመለስ የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሌላው ደግሞ «ከነሐሴ 2015 ወዲህ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ነው፤ እኛው በሰላም ሳንመርጥ የቤይሩቱ ቅንጦት አይሆንም?» ይላል። እሱን አልከራከረውም። ኢንተርኔቱ በተቋረጠባቸው ወራት እንኳን ድምፅ፣ የልጇ ሰላምታም ለአክስቴ አልደረሳትም።

ቅርብ ጊዜ፣ ቆንስላው ምርጫ ጣቢያ ቢሆን ትሄጂ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው» አለች። «እሑድም ሁልጊዜ አታስወጣኝም። መጀመሪያ ፓስፖርቴን ያስመልሱልኝ እስቲ።»

ካፋላ የሚባለው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ቪዛዋ የታሰረው ከአሠሪዋ ጋር ነው። በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች ሴቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። ያንን በር ምርጫ ጣቢያ እናድርገው ስንል ይህንን እያሰብን መሆን አለበት።

በስልክ ይሁን ቢባልም የማዳም ዓይን አለ። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በኢንተርኔት ታስመርጣለች፤ ለዚህ ዓይነቱ ችግር ያበጀችው መላ፣ መራጩ ደጋግሞ መምረጥ ይችላል፣ የሚቆጠረው የመጨረሻው ነው የሚል ነው። ተገድዶ የመረጠ ሰው ማታ ብቻውን ሲሆን ይቀይረዋል። ብልህ ነገር ነው፤ ግን የተቆለፈ ስልክና የሚታመን መታወቂያ ይፈልጋል።

እኔ ኬንያን ባየን እላለሁ። በ2010 ሕገ መንግሥታቸው ውጭ ያለው ዜጋ ደረጃ በደረጃ ይመዝገብ አሉ። በ2013 ጎረቤት አገሮች ያሉትን አስመረጡ፣ በ2017 ደቡብ አፍሪካን ጨመሩ፣ በ2022 አገሮቹ 12 ደረሱ፤ ኳታርና ኤምሬትስም አሉበት (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። እኛ ከቤይሩትና ከሪያድ እንጀምር። ፓስፖርት ልታሳድስ ቆንስላ የምትመጣ ሴት ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ይጨመርላት፦ የምርጫ ክልልሽ የት ነው? ድምፅ የምትሰጥበትም ቀን አንድ እሑድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሳምንት ይሁን፤ ማዳም አንዱን እሑድ ብትከለክላት ሌላው እንዲቀራት።