«አልጋውን ለሚመጣው ልጅ ልቀቅ!»

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የነቃሁት። ምን ቀሰቀሰሽ ብትሉኝ አላውቅም፤ ድምፅ አልሰማሁም። እንዲያውም ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው። መብራቱን ሳበራ የማሙሽ አልጋ ባዶ ነው። ሳሎን ሄድኩ፤ የለም። ማዕድ ቤት የለም። በመጨረሻ ያገኘሁት መታጠቢያ ቤት ነው። በጨለማ፣ ውሃ የሞላ ባልዲ ጠርዝ ላይ በሆዱ ተንጠልጥሎ፣ እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ ውሃውን ያማስላል። ሲያየኝ ሳቀ። እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝና እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

የአዲስ አበባን የኮንዶሚኒየም ኑሮ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በመጣ ቀን ባልዲውም፣ ጀሪካኑም፣ ድስቱም ሳይቀር ይሞላል። ለትንሽ ልጅ ደግሞ ወንዝ አያስፈልገውም። ጭንቅላቱ ከገላው መጠን አንፃር ከባድ ስለሆነ በፊቱ ባልዲ ውስጥ ከተደፋ ራሱን ማውጣት አይችልም፤ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል።

ማሙሽ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነበር። ዙሪያውን ከታጠረው የሕፃን አልጋ ወጥቶ ትልቅ አልጋ ላይ መተኛት ከጀመረ ገና ስድስተኛ ሌሊቱ ነው። ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ለምን አወጣሁት? እሱን ነው ዛሬ የማጫውታችሁ።

አልጋውን የሰጠችን ወደ ውጭ አገር የሄደች ጓደኛዬ ናት። በእንጨት ርብራብ የታጠረ፣ አንዱ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት፣ ሲያዩት ደስ የሚል አልጋ ነበር። አማቴ ግን ገና ሲያዩት ነው ያልወደዱት። «ምነው ልጄ፣ ሕፃኑን እስር ቤት ልታስገቢው ነው እንዴ? ልጅ የሚተኛው እናቱ ጉያ ነው» አሉኝ። ዝም አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር አጥሩ የሚጠብቀው ማሙሽን ብቻ አልነበረም፤ የኔንም እንቅልፍ ነበር የሚጠብቀው።

ታዲያ ሁለተኛውን ልጅ አረገዝኩና ነገር ተጀመረ። ባለቤቴ «ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከዚያ አልጋ አይወጣም፤ ይወድቃል» ይላል። እኔ ደግሞ «ሌላ አልጋ የምትገዛበት ብር ካለህ አምጣ፤ አምስተኛ ወሬ ነው እኮ!» እላለሁ። እሱ የልጁን ዕድሜ ይቆጥራል፤ እኔ የእርግዝናዬን ወር እቆጥራለሁ። ልጁን ዞር ብሎ ያየው ግን አልነበረም። ማሙሽ በዚያው ሰሞን ቀኝ እግሩን አጥሩ ላይ መስቀል ጀምሮ ነበር። እኔ አይቼው ስቄ ፎቶ ነው ያነሳሁት።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ሥራ ሲሄድ ብቻዬን ወሰንኩ። የእንግዳ ባለ ሜትር አልጋችንን አነጠፍኩና የሕፃን አልጋውን እየጎተትኩ ወደ ጥግ አስጠጋሁት። ማሙሽ ተከትሎኝ መጣ። «አንተ አሁን ትልቅ ሰው ነህ፤ አልጋውን ለሚመጣው ልጅ ልቀቅ!» አልኩት። ያኮራሁት መስሎኝ ነው። «የታለ?» አለኝ። ሆዴን አሳየሁት። ትንሽ አየት አደረገኝና ሆዴን በጥፊ መታው!

ያኔ ገባኝ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልገባኝም። ተቆጣሁት። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሌሊቶች አታንሱብኝ። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሌላውን ጊዜ እየተነሳ መጥቶ የድሮ አልጋውን ርብራብ ይዞ «የኔ! የኔ!» እያለ ያለቅሳል። እኔ እጮሃለሁ፤ ባለቤቴ «ነግሬሽ ነበር» ይላል። በስድስተኛው ሌሊት የባልዲው ጉድ መጣ።

ጠዋት ላይ ያለ ክርክር ተስማማን፤ ማሙሽ ወደ አጥሩ ይመለሳል! እንዳጋጣሚ ለእርግዝና ክትትል ቀጠሮ ነበረኝና ለነርሷ ነገርኳት። «ቁመቱ ስንት ነው?» አለችኝ። አላውቅም። «አልጋው ውስጥ ሲቆም አጥሩ የት ይደርስለታል?» አላውቅም። «እንግዲያው ሳትመልሺው በፊት ሄደሽ ለኪው» አለችኝ።

በኋላ ራሴም አነበብኩት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚመክረው፣ ልጁ ቁመቱ 89 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ወይም የአጥሩ ከፍታ ከልጁ ቁመት ሦስት አራተኛ በታች ሲሆን ከሕፃን አልጋ ይውጣ ነው። ዕድሜ የሚባል ነገር አልጠየቀም። ፍራሹ መጨረሻው ዝቅታ ላይ ተደርጎም መዝለል ከጀመረ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው።

የልብስ ሰፊ ሜትር ተውሰን ለካን። ማሙሽ 91 ሴንቲ ሜትር። አጥሩ ከፍራሹ በላይ 61። የ91 ሦስት አራተኛ 68 ነው። ባለቤቴ ሜትሩን እንደያዘ ዝም አለ። አጥሩ ለማሙሽ አጥርነቱ ቀርቶ መውደቂያ ሆኗል። መልሰነው ቢሆን ኖሮ ዘሎ በጭንቅላቱ ነበር የሚመጣው። እኛ በዕድሜና በእርግዝና ወር ስንጨቃጨቅ ልጁ በቁመቱ አልፎናል።

ይባስ ብሎ ደግሞ ያ የቸኮልኩለት አልጋ ለሚመጣውም ልጅ የማይሆን ሆኖ ተገኘ። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት የሕፃን አልጋ፣ መያዣው እየላላ ሕፃናት በክፍተቱ ተይዘው ስለሞቱ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሸጥ ታግዷል። የኛንም መያዣ ነቅነቅ ባደርገው ተወዛወዘ። ልጄን ከቦታው ያስለቀቅሁት ለዚህ ነው!

ስለዚህ እንደገና ጀመርን። ባለ ሜትሩን አልጋ አነሳንና ፍራሹን መሬት ላይ አነጠፍነው፤ ከመሬት ወዴት ይወድቃል? ከዚያ ባለቤቴ እንደ ማሙሽ በአራት እግሩ እየዳኸ ቤቱን ዞረ። ከአጥር የወጣ ልጅ አጥሩ ቤቱ በሙሉ ነው። ባልዲው ተከደነ፤ ለመታጠቢያ ቤቱ ከውጭ በኩል ከፍ ብሎ መቀርቀሪያ ተሠራለት፤ የበረንዳው በርም እንዲሁ። ቁም ሳጥኑ ማሙሽ መሳቢያውን እንደ ደረጃ ሲወጣበት እንዳይገለበጥ ግድግዳው ላይ ታሰረ።

እኔ ደግሞ አፌን ገራሁት። «ለሚመጣው ልጅ» የሚለውን ቃል ከቤታችን አወጣነው። አሮጌው አልጋ ሲፈታ ብሎኖቹን አንድ በአንድ የተቀበለን ማሙሽ ነው፤ «የኔ አልጋ አረጀ» እያለ ለጎረቤት ሁሉ አወራ። ማታ ማታ ሥርዓቱ አንድ ሆነ፤ መታጠብ፣ አንድ ተረት፣ የድሮዋ ብርድ ልብሱ፣ መብራት ማጥፋት። ተነስቶ ሲመጣ ቁጣም ወሬም የለም፤ እጁን ይዤ መመለስ ብቻ። የመጀመሪያው ሌሊት ዘጠኝ ጊዜ መለስኩት። በሁለተኛው ሰባት። አምስተኛው ላይ እኔም አለቀስኩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ጎህ ሲቀድ ከእንቅልፌ ስነቃ ማሙሽ ፍራሹ ላይ እግሩን አንፈራጦ ተኝቷል።

ለታናሿ አናጢ ጋ ቀላል አልጋ አሠራን። ጎኑ አይንቀሳቀስም፤ በርብራቦቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ እኔው ራሴ ቆሜ ለካሁ። ማሙሽ ሲያያት «የሷ» አለ። ሆዴን የመታ ልጅ ነው እንግዲህ!

እርጉዝ ሆናችሁ እንደኔ የምትጣደፉ ካላችሁ አንድ ነገር ልበላችሁ። ልጁ ዘሎ መውጣት ካልጀመረና ቁመቱም ካልደረሰ፣ ወይ ከመውለዳችሁ ከሁለት ሦስት ወር በፊት አስለምዱት፣ ወይ ከወለዳችሁ በኋላ ቤቱ እስኪረጋጋ ጠብቁ። መውለጃችሁ ሳምንት ላይ አታድርጉት። ለታላቁ ልጅ ቦታውን የነጠቀው አዲሱ ሕፃን ነው ከሚመስለው አንድ አልጋ መዋስ ይሻላል።

አማቴ መጥተው ፍራሹን መሬት ላይ ሲያዩ ምን አሉ መሰላችሁ? «እሰይ! እኛስ ያደግነው የት ሆነና?» ብለው ነጠላቸውን አጣጥፈው ማሙሽ ጎን ጋደም አሉ። ሁለቱም እስከ አሥር ሰዓት ተኙ።

እና ዛሬ ማታ ልጃችሁን አቁሙና ለኩት። ባልዲውን ግን ከመለካታችሁ በፊት ክደኑት።