ስለ አንድ መጋዝ ምርጫ

በገና ሠሪ የአንዱን ግንድ ሆድ ይቦረቡራል፤ ጊታር ሠሪ ግን ግንዱን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገልጠዋል። የበገናው ድምፅ የሚወጣው በተፈለፈለው እንጨት ላይ ከተወጠረው ቆዳ ስለ ሆነ፣ ባለሙያው መጥረቢያና መሮ ካለው ሌላ መሣሪያ እምብዛም አያሻውም። የጊታር አካል ግን ከፊት እስከ ጀርባ ስስ ገበታ ነው፤ ጀርባው ከ2 ተኩል እስከ 3 ሚሊሜትር፣ ጐኑም 2 ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ በትርፍ ጊዜው ጊታር ልሥራ ብሎ የተነሣ ሰው፣ ወፍራሙን ሳንቃ በምን እሰነጥቀዋለሁ? የሚል ጥያቄ ሳይውል ሳያድር ይገጥመዋል።

እኔን ይህ ጥያቄ የገጠመኝ በአንድ የዋንዛ ሳንቃ ምክንያት ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሣጥን አሠራበታለሁ ብሎ ከቆጥ ላይ እንዳኖረው ሳያሠራበት ዐለፈ። ወርዱ 22፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲሜትር ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ በጭስና በጥላ ደርቋል። ዋንዛ ለጊታር ይሆናልን? ብሎ የሚጠራጠር አንባቢ ቢኖር፣ ጊታር ሠሪዎች ለጀርባና ለጐን የሚሹት ዚሪኮቴ የተባለው የሜክሲኮ እንጨት ከዋንዛ ጋር በአንድ ወገን የሚቈጠር መሆኑን ላስታውሰው እወዳለሁ። የእኛው ቀለል ያለና ለስለስ ያለ ነው፤ ዝምድናው ግን እውነት ነው። ለፊቱ ገበታ ስፕሩስ ከውጭ አስመጥቻለሁ፤ እርሱ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። የአባቴን ሳንቃ ግን የሚሸጥ ሱቅ የለም።

እንግዲህ ነገሩ ወደ ሒሳብ ይገባል። 25 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ መጋዝ ወደ እንጨቱ የሚገባው 8 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ሳንቃውን ገልብጠው ከሁለቱም ወገን ቢያስገቡት እንኳ መካከሉ ሳይነካ ይቀራል። ከጣውላ ቤት ያለው ትልቁ ክብ መጋዝ ይደርሳል፤ ነገር ግን በሄደበት ሁሉ 3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ወደ ብናኝ ይለውጣል። አራት አራት ሚሊሜትር የሆኑ ገበታዎች ለማውጣት ቢታሰብ፣ ከአምስቱ ሳንቲሜትር የሚገኘው ቢበዛ ሰባት ነው። ፈረንጆች ባንድ ሶው የሚሉት፣ እኛ የጥብጣብ መጋዝ ብንለው የሚስማማው፣ በሁለት መንኰራኵሮች ላይ እየዞረ የሚቈርጠው ቀጭን ምላጭ ግን አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚበላ ዐሥር ገበታ ያወጣል። በየስንጥቁ መካከል ፊቱን መላግ ስላለ ዐሥሩ ዘጠኝ ይሁን። ለአንድ ጊታር ሦስት ገበታ ይበቃል፤ ሁለቱ ለጀርባ፣ አንዱ ለሁለት ተከፍሎ ለጐኖቹ። እኛም የአባታችን ልጆች ሦስት ነን።

ይህን መጋዝ መጀመሪያ ያሰበው ዊልያም ኒውበሪ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1808 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ሆኖም ምላጩ ከተጋጠመበት ላይ እየተበጠሰ ስላስቸገረ፣ አን ፖሊን ክሬፓን የምትባል ፈረንሳዊት በ1846 የብየዳውን ዘዴ እስክታገኝ ድረስ ብዙ አልጠቀመም። (ማሽኑን የሚያወድሱ ሰዎች ስሟን ሲያነሡ አልሰማሁም።)

ከወዳጆቼ አንዱ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «የእስፓኙ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በ1862 ጀርባውንና ጐኑን ከተላቈጠ ወረቀት የሠራው ጊታር ድምፅ ሰጥቶ የለምን? ድምፁ ከፊቱ ገበታ ከሆነ አንተ ስለ ጀርባ ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። ስለ ድምፁ እውነቱን ነው። እኔ ግን ይህን እንጨት የፈለግሁት ስለ ድምፁ ብቻ አይደለም።

ወደ ገበያ ስወጣ ነጋዴው አስቀድሞ የነገረኝ የመንኰራኵሩን ስፋት ነበር፤ «ባለ 14 ኢንች ነው፤ ትልቅ ነው» አለኝ። መንኰራኵሩ 14 ኢንች ቢሆን ለእኔ ሳንቃ ምን ይጠቅመዋል? ለሚሰነጥቅ ሰው የሚያስፈልገው ቍጥር ከጠረጴዛው እስከ ላይኛው የምላጭ መሪ ያለው ከፍታ ነው። ብዙዎቹ ባለ 14 ኢንች ማሽኖች እንደ ተሠሩ የሚያስገቡት 15 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ከአንገታቸው ላይ ተጨማሪ የብረት ምሰሶ ሲገባ ከፍታው ወደ 30 ይደርሳል፤ ነገር ግን ምላጩም መርዘም አለበት፤ አንገቱም ምላጩን አጥብቆ ለመወጠር መጽናት አለበት። ያልተወጠረ ምላጭ በረጅም እንጨት ውስጥ ሆዱን ይነፋል፤ ገበታውም አንዱ ጫፍ 6፣ ሌላው 2 ሚሊሜትር ሆኖ ይወጣል።

አንድ የማውቀው ሰው ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ማሽን በርካሽ ሊሰጠኝ ነበር። የ110 ቮልቱን ነገር ትራንስፎርመር ይፈታዋል፤ የሞተሩን ፍጥነት ግን አይፈታም። በ60 ሄርዝ የተሠራ ሞተር በእኛ 50 ሄርዝ ሲገባ ከስድስት እጅ አንዱን ፍጥነት ያጣል። ከአንድ ወርክሾፕ ያየሁት የኢጣሊያ ሥራ ደግሞ ግሩም ነበር፤ ባለ ሦስት ፌዝ መብራት ግን ከቤቴ የለም።

በመጨረሻ ዕድሜያቸው የገፋ አናጢ ዘንድ ሄድሁ። «ጋሼ፣ የትኛው ይሻለኛል?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ መጋዝን በአፍ አትጠይቀው፤ እንጨት አጕርሰው፤ ይመልስልሃል» አሉኝ። ስለ ምላጩም መከሩኝ፤ ለመሰንጠቅ 13 ሚሊሜትር ወርድ ያለው፣ በአንድ ኢንች ሦስት ጥርስ ብቻ የያዘ ይሁን አሉ። ምክንያቱም በጥርሶቹ መካከል ያለው ጕድጓድ ብናኙን 22 ሳንቲሜትር ሙሉ ተሸክሞ መውጣት አለበት፤ ጥርስ ሲበዛ ጕድጓዱ ይጠባል፣ ምላጩም ይታፈንና መንገዱን ይስታል። የጊታሩን ወገብ በክብ ለመቍረጥ ደግሞ 6 ሚሊሜትር የሆነ ሌላ ምላጭ ይገባል።

ባለቤቴ ስለ ዋጋው አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ ስለ ጣቶቼ ነው። መሪው ከእንጨቱ በላይ አንድ ጣት ያህል ብቻ እንዲቀር ዝቅ እንደሚደረግ፣ መጨረሻውም በእጅ ሳይሆን በእንጨት እንደሚገፋ አሳየኋት። አልረካችም።

ምሰሶ የተጨመረበትን፣ 1 ተኩል የፈረስ ጉልበት ያለውን ማሽን ለይቼ፣ 22 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው የባሕር ዛፍ ጣውላ ተሸክሜ ወደ ሱቁ ሄድሁ። ነጋዴው ቅር ቢለውም አስነሣልኝ። የወጣውን ገበታ በአራቱም ማዕዘን ለካሁት፤ ወፍራሙ 4.3፣ ቀጭኑ 3.9 ሚሊሜትር ሆነ። ገንዘቡንም ያን ጊዜ ቈጥሬ ሰጠሁት። ወሩ ሐምሌ ስለ ነበረና እንጨት በክረምት እርጥበት ስለሚጠጣ፣ ዋንዛው እስከ ጥቅምት ድረስ ካለበት አይነካም።