ቁልፉ ባንተ እጅ ነበር

አሊ አዴና ሆልሆል ያላችሁ፣ እዚህ ባልባላ ከኔ ጋር ሙቀቱን የምትችሉት፣ አገር ቤት ሆናችሁ ድምፄ ሲጠፋ የምትጨነቁት ዘመዶቼም፣ ሁለት ሳምንት ለምን እንደጠፋሁ ለጠየቃችሁኝ መልሱ ይኸው። የምጽፈው ስለ መኪና ቁልፍ ነው። "ስደተኛን ከመኪና ቁልፍ ጋር ምን አገናኘው?" የሚል አይጠፋም። አገናኝቶኛል፣ ሊያሳስረኝም ትንሽ ነው የቀረው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እንደምታውቁት ወደ ፒኬ 12 በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ውስጥ መኪና አጥባለሁ፣ ሲመሽ እጠብቃለሁ፣ ቀለም ቀቢው ሲጠራኝም ወረቀት እለጥፋለሁ። አንድ የአገሩ ሰው ያገለገለች ኒሳን 350ዜድ አመጣ፣ የ2004 ሥሪት። ከአሜሪካ ወደ ዱባይ፣ ከዱባይ በመርከብ እዚህ የመጣች። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ለኛ መንገድ ጭራሽ የማትሆን ዝቅ ያለች ናት። የሰፈሩ ልጆች ግን ስትገባ ሥራ ያስፈቱናል። ሰውዬው መከላከያዋ እስኪቀባ ቁልፉን ለኔ ሰጥቶኝ ሄደ። ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ስተኛ እንኳ ትራስ ሥር ነው ያደረግኩት። በሦስተኛው ቀን መልሼ አስረከብኩት። አመሰገነኝ፣ ጉርሻም ሰጠኝ።

ሳምንት ሳይሞላ በጠዋት መጣ። ቤቱ ደጃፍ ከቆመችው መኪና ውስጥ ሌሊት ገንዘብና ወረቀቶች ተወስደዋል። መስታወት አልተሰበረም፣ በር አልተፈለቀቀም። ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ "ቁልፉ ባንተ እጅ ነበር" አለኝ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጠኝ፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ።

ይህን ስሜት ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግና የዚያው ዓመት ድንጋጌዎች ሠርቶ የመብላት መብት ሰጥተውናል፣ እኔም ራሴ በየስብሰባው ስለዚህ ብዙ ተናግሬያለሁ። ግን አንድ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው ማን ላይ እንደሆነ ሕግ አይጽፈውም። ባለቤቴ የነገርኳት ዕለት እህል አልቀመሰችም። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ "አባዬ፣ ሰረቅክ እንዴ?" ስትል ጎረቤት ቀድሞ እንደነገራት ገባኝ።

ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ወደ ጋሼ ሄድኩ። ስማቸውን አልጠራም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በነበሩ ጊዜ ቁልፍ ይቀርጹ የነበሩ፣ እዚህም በዚያው ሙያ የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ስለ ጉዳዩ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ "ሰረቅክ ወይ?" ብለው አይደለም። "መኪናዋ ስንት ቁልፍ ታውቃለች?" አሉኝ። ጥያቄው አልገባኝም። "አንተ ልጅ፣ መኪና እኮ ቁልፎቿን ትቆጥራለች" አሉ።

ያስተማሩኝን ላካፍላችሁ፣ ያገለገለ መኪና የምትነዱም የምትጠብቁም አላችሁና። ቁልፍ የምንለው ነገር ሦስት ነው። አንደኛው ብረቱ ነው፣ በር ይከፍታል። ሁለተኛው ከፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበረው ቺፕ ነው፣ ባትሪ የለውም። መኪናዋ ራሷ በማስነሻው ዙሪያ ባለው ጥቅል ሽቦ ኃይል ሰጥታ ቁጥሩን ታነባለች፣ ካላወቀችው ሞተሩ አይሠራም። አውሮፓ ከ1998 ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ያለዚህ እንዳይሸጥ አስገድዳለች። ሦስተኛው ሪሞቱ ነው፣ ባትሪ አለው፣ በሩን ከሩቅ ይከፍታል እንጂ ሞተር ከማስነሳት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በዚች መኪና ላይ ሪሞቱ ለብቻው ነው የሚንጠለጠለው። እኔ ሁሉም አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ሰውዬውን ለምኜ ረቡዕ ከሰዓት አመጣልኝ። ጫት የገባበት ሰዓት ስለነበር መንገዱ ጭር ብሏል፣ ለዚህ እንኳ ደስ አለኝ፣ ተመልካች አልነበረም። ጋሼ መሣሪያቸውን ከመሪው ሥር ካለው መሰኪያ ላይ ሰኩት። መሣሪያው የመኪናዋን ኮምፒውተር ጠየቀ፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ጋሼ ስክሪኑን ወደ ሰውዬው አዞሩለት፦ የተመዘገበ፣ የተመዘገበ፣ የተመዘገበ። ሦስት። ሰውዬው ሲገዛት የተቀበለው ግን አንድ ቁልፍና አንድ ሪሞት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ "ነጻ ወጣሁ!" ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነጻ አላወጣኝም። ጋሼም ለሰውዬው ሳይደብቁ ነገሩት። ኒሳን ላይ ቁልፍ ሲመዘገብ የነበሩት ሁሉ ይሰረዙና በዚያች ሰዓት እጅ ላይ ያሉት ብቻ እንደገና ይገባሉ። ስለዚህ መሣሪያ ያለው ሰው ከኔ ጋር ተስማምቶ ቢሆን፣ በሁለት ቀን ውስጥ ማድረግ ይችል ነበር። ከዚያም ባሰ፣ በር ብቻ ለመክፈት ቺፕም አያስፈልግ፣ ብረቱን የቀረጸ ሁሉ ይከፍታል። በልቤ ጋሼን ተቀየምኳቸው። ለምን ይህን ይናገራሉ? በኋላ ሳስበው ግን ሰውዬው ያመናቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ለኔ ያደላ ሽማግሌ ቢመስሉት ኖሮ ስክሪኑንም አያምንም ነበር።

ሰውዬው ስልኩን አወጣና መኪናዋን ለሸጠለት ሰው ደወለ። በሶማሊኛ ረዥም ተነጋገሩ። የገባኝን ያህል፣ ከሱ በፊት ሌላ የነዳት ሰው እዚሁ ከተማ ነበረ፣ ሁለተኛ ሪሞትም ነበረው፣ መመለሱን ሻጩ አያስታውስም። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ተለውጦ ነበር። ይቅርታ አልጠየቀኝም። "ሐሙስ" የሚለውን ቃል ግን ከዚያ ወዲያ አላነሳም። ወደ ጋሼ ዞሮ "ሌሎቹን አጥፋልኝ" አለ።

ሥራው የፈጀውን ጊዜ ብታዩ! ጋሼ ከመኪናዋ ኮምፒውተር ላይ የተለጠፈውን አምስት አሃዝ ቁጥር አንብበው ወደ አራት አሃዝ የይለፍ ቁጥር ቀየሩት፣ ከዚያ ሁሉንም ሰርዘው የሱን ቁልፍና አንድ አዲስ መጠባበቂያ አስገቡ። ለዚህ ሁሉ 30,000 ፍራንክ፣ በዶላር 170 ገደማ ነው። ሪሞቱ ሌላ ጣጣ ሆነ። ሰውዬው ከዱባይ ያስመጣው ተጨማሪ ሪሞት ቁርጥ የድሮውን ይመስላል፣ ግን መኪናዋ አልሰማችውም። የአሜሪካዋ መኪና በ315 ሜጋ ኸርዝ ነው የምትሰማው፣ የመጣው ግን ለአውሮፓ የተሠራው 433 ነበር። ከጀርባው ሳያነብ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው እሱ የመጀመሪያው አይደለም።

ትክክለኛው ሲመጣ ሪሞቱን ያለ መሣሪያ መመዝገብ እንደሚቻል አሳዩኝ። በር ዘግቶ ከውስጥ ቆልፎ፣ ቁልፉን በአሥር ሰከንድ ውስጥ ስድስት ጊዜ ጨርሶ እያወጡ ማስገባት። የአደጋ መብራቱ ብልጭ ሲል ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙሮ የሪሞቱን ቁልፍ መጫን፣ መብራቱ ደግሞ ብልጭ ካለ ገብቷል። ያንኑ ሪሞት ደጋግመን አስገባነው። ማስታወሻዋ ሲሞላ የጥንቱን እየጣለች ስለምትሄድ፣ የማይታወቀው ሪሞት በዚያው ተገፍቶ ወጣ። የበሩን ሲልንደር ደግሞ ቀየሩት፣ ስለዚህ አሁን ለበሩ ለብቻው ቁልፍ አለው። አይመችም ብሎ ትንሽ አጉረመረመ።

ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔም አላውቅም።

አሁን ጋራዡ ውስጥ ሰማያዊ ደብተር አለኝ። ቁልፍ የሚሰጠኝ ሁሉ ይፈርማል፦ የመኪናዋ ታርጋ፣ ስንት ቁልፍ፣ ስንት ሪሞት፣ የተሰጠበትና የተመለሰበት ቀንና ሰዓት። ፈረንሳይኛውን የጻፈችልኝ ያቺው ልጄ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ደንበኛ "አንተ ደግሞ ቢሮ ከፈትክ?" ብለው ሳቁብኝ፣ አንዱ ፈርሞ ሌላው መኪናውን ይዞ ሄደ። ሄደ እንጂ ምን አደርገዋለሁ። የሰው ቤት የምትጠብቁ፣ የሰው መኪና የምትነዱ እህት ወንድሞቼ፣ ገጹን ፎቶ አንስቼ ከታች አስቀምጬላችኋለሁ፣ ገልብጡት። አማርኛውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ።

ሰውዬው ባለፈው ቅዳሜ ዜዷን ሊያሳጥብ መጣ። ደብተሩን ዘረጋሁለት። ቆም ብሎ አየኝ፣ ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ጻፈ፦ ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ሪሞት።