በባዶ ሆድ መሮጥ

አድሚን ስሜን እንዳትጠቅሺ። አል ሀይል ነው የምሠራው። በሦስት ዓመት 14 ኪሎ ጨመርኩ፤ ማዳም "ልብሱ ጠበበሽ" ስትለኝ አፈርኩ። ቲክቶክ ላይ "ቁርስ ሳትበሉ ሩጡ፣ ስብ ይቀልጣል" ሲሉ ሰማሁና ሌሊት 11 ሰዓት ቤቱ ሳይነሳ ጣሪያ ላይ መሮጥ ጀመርኩ። በዚህ ሙቀት! ውሃ እንኳ ሳልጠጣ።

በዘጠነኛው ቀን ሕፃኑን ታቅፌ ደረጃ ስወርድ ዓይኔ ጨለመብኝ። መደገፊያውን ባልይዝ ኖሮ... እሱን ማሰብ አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ነው ያነበብኩት። በፈረንጅ 2014 የወጣ ጥናት 20 ወጣት ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን በባዶ ሆድ፣ ግማሾቹን አብልቶ በሳምንት 3 ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት አሠራቸው። ሁለቱም ወገን ምግቡን ቀንሶ ነው የሚበላው። ከ4 ሳምንት በኋላ ሁለቱም ቀነሱ፣ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት የለም። በባዶ ሆድ ሲሠሩ በዚያች ሰዓት ስብ በደንብ ይቃጠላል፣ ቀኑ ሲደመር ግን ይካካሳል።

እኛም እኮ በጾም እስከ 9 ሰዓት ሳንበላ ስንሠራ የኖርን ነን! የኔ ጉድ ማታ ነበር ለካ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ከእንግዳ የተረፈ ሩዝ፣ "እንዳይደፋ" እያልኩ። ካራኩማ በቀን አምስቴ፣ ከነስኳሩ።

አሁን ሁለት ቴምርና ውሃ ወስጄ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ፣ የማታውን ሩዝ ትቻለሁ። በሦስት ወር 4 ኪሎ ወርዷል። ልብሱ አሁንም ትንሽ ይይዘኛል።

ጣሪያ መውጣት የማይፈቀድላችሁስ የት ነው የምትሠሩት? እስኪ ጻፉልኝ።