ስትበር የምትያዝ አይሮፕላን

አይሮፕላን መብረሯና ማረፏ ዛሬ ማንንም አያስደንቅም። ነገር ግን አንዲት ትንሽ ሰው አልባ አይሮፕላን መሬት ሳትነካ፣ በበረራ ላይ ሳለች፣ በሌላ አይሮፕላን በሚጎተት ገመድ ተይዛ ወደ ሆዱ ስትገባ ማየት ሌላ ነገር ነው። እኔም ወደፊት የአይሮፕላን ምሕንድስና ለመማር ስለምመኝ፣ በዚህ ዓመት ካነበብሁት ሁሉ ይህን ያህል የማረከኝ የለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ትንሽ አይሮፕላን ብዙ ነዳጅ ስለማትይዝ ሩቅ አትሄድም። ስለዚህ ትልቁ አይሮፕላን ተሸክሞ ይወስዳታል፤ ሥራዋንም ስትጨርስ መልሶ ይቀበላታል። ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ይህን ሐሳብ በ2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይፋ ባደረገ ጊዜ ግሬምሊን ብሎ ሰየመው። ግሬምሊን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አብራሪዎች ያወሩለት የነበረ ተንኰለኛ ጥቃቅን ፍጡር ነው። ስሙ እንደሚገባው ሆኖ ተገኝቷል!

ሲ-130 የተባለው ባለ 4 ሞተር የጭነት አይሮፕላን ከኋላው ገመድ ይለቃል፤ በገመዱም ጫፍ ጥይት የሚመስል መያዣ አለ። ትንሿ አይሮፕላን ከበስተኋላ ተጠግታ ከመያዣው ጋር ትጋጠማለች፤ ሞተሯም ይጠፋና ወደ ላይ ትሳባለች።

አስቸጋሪነቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሚሮጥ አይሱዙ ኋላ የተፈታ የሸራ ገመድ አይታችሁ እንደ ሆነ፣ ገመዱ አርፎ አይቀመጥም፤ እንደ ጅራፍ ይገረፋል። መኪናው የሰነጠቀው አየር ከኋላው ስለሚሽከረከር ነው። ከሲ-130 በስተኋላ ያለው አየር ደግሞ በሞተሮቹና በክንፎቹ የተነሣ እጅግ የባሰ ነው። ሁለቱ በእኩል ፍጥነት ቢበሩ አንዱ ለሌላው የቆመ ያህል ነው፤ ይህን የፊዚክስ መምህራችን በሁለት አውቶቡሶች ምሳሌ አስረድተውናል። ዳሩ ግን የአንድ ስንዝር መወዛወዝ ሁሉን ያበላሻል።

በኖቬምበር 2019 በዩታ በረሃ የመጀመሪያዋ በረረች፤ ስታበቃ ግን ዋናው ጃንጥላዋ ሳይዘረጋ ቀርቶ ጠፋች። በኦክቶበር 2020 ሦስት አይሮፕላኖች 9 ጊዜ ለመጋጠም ሞከሩ፤ ጥቂት ኢንች ብቻ እየቀራቸው አንዱም አልተሳካም፤ ሁሉም በጃንጥላ ወረዱ። 9 ጊዜ! እኔ በዚያ ብኖር ከአምስተኛው በኋላ ምን እንደምል አላውቅም። በኦክቶበር 2021 አንዲት ተያዘች። በዚያው ሙከራ ሌላዪቱ ወድቃ ተሰባብራለች።

በነገራችን ላይ ዘዴው ፍጹም አዲስ አይደለም። በ19 ኦገስት 1960 ካፒቴን ሃሮልድ ሚቸል ከሕዋ በጃንጥላ ይወርድ የነበረውን የዲስከቨረር 14 ዕቃ፣ ከሲ-119 ኋላ በተንጠለጠለ መንጠቆና ገመድ፣ በሦስተኛው ሙከራ በአየር ላይ ቀልቦታል።

ይህን ሁሉ ለእናቴ አነበብሁላት። በጦርነቱ ዓመታት «ድሮን» የሚለው ቃል በአገራችን ለብዙ ሰው የድንጋጤ ቃል ሆኗልና፣ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ይኸ ሁሉ ድካም ለጦር ነው አይደል፣ ልጄ?» አለችኝ።

«አዎን፣ እማዬ» አልሁ፤ የምሰውረው አልነበረኝም። ቀጥዬም በሩዋንዳ ከ2016 ጀምሮ ሰው አልባ አይሮፕላኖች ለሆስፒታሎች ደም እንደሚያደርሱ፣ ሲመለሱም በጅራታቸው ባለ ትንሽ መንጠቆ በሁለት ምሰሶዎች መካከል የተወጠረ ገመድ ይዘው እንደሚቆሙ ነገርኋት። ጥቂት አሰበችና፣

«እንግዲያስ ደም ለምታደርሰዋ ሌላ ስም አውጡላት» አለች።

እስካሁን እየፈለግሁ ነው።