ምን አለሽ?

የገና በዓል ሲቃረብ በወጣቶች ኅብረታችን ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «የበዓሉን ማታ ከትዳር ጓደኛዬ ወይም ከእጮኛዬ ጋር እንዴት ላሳልፍ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ «ገንዘብ ግን የለም» የምትል ቃል ያስከትላሉ። ሆቴል ገብቶ ለሁለት ሰው እራት ማዘዝ ስንት እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ። በስልካችሁ ላይ የምታዩት ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ጽጌረዳና ረጅም ብርጭቆ ደግሞ ያለዚያ ፍቅር የሌለ ያስመስላል። ዛሬ የምጽፍላችሁ በቤት ባለ ዕቃና በጥቂት ብር በሚገኝ አሮጌ ነገር ስለሚሰናዳ ማዕድ ነው። ነገሩ ግን የዕቃ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

በአገራችን በዓል የእንግዳ ነው። ይህ ደግ ባህል ነው፤ አልነቅፈውም። ታኅሣሥ 29 ቀን ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዶሮው ወጥቶ፣ ቡናው እስከ በረካ ተጠጥቶ ቤቱ በሰው ሲሞላ ይውላል። ማታ የመጨረሻው እንግዳ ሲሸኝ ባልና ሚስት ዕቃ አጥበው፣ ደክሟቸው ይተኛሉ። እስቲ የእናቶቻችንን ቡፌ አስታውሱ። ከመስታወቱ ጀርባ የተደረደሩት ያማሩ ብርጭቆዎች የእንግዳ ናቸው፤ ልጅ አይነካቸውም፣ የቤቱ ሰውም አይጠጣባቸውም። ከሩቅ ለመጣ ሰው የሚወርደው ብርጭቆ ዓመቱን ሙሉ አብሮን ለሚኖር ሰው የማይወርደው ለምንድን ነው? ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ አንድ ብር አያስወጣም፦ የእንግዳውን ዕቃ ለራሳችሁ ሰው አውርዱለት።

እኔ ይህን ማዕድ ማሰናዳት የጀመርኩት በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ባለቤቴ የምትሠራበት ድርጅት ተዘጋ፤ በዚያው ሰሞን የቤት ኪራይ ተጨመረብን። ከዚያ ወዲህ ምሽታችን ሁሉ የሒሳብ ሆነ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ የምናወራው ስለ ዘይት፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ ኪራዩ ቀን ነበር። አልተጣላንም፤ አንድም ቀን ድምፃችንን ከፍ አድርገን አልተነጋገርንም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ለወራት ስለ ገንዘብ ብቻ ሲያወሩ ከመካከላቸው አንዱ ራሱን እንደ ወጪ መቁጠር ይጀምራል። በቤታችን ይህ እየሆነ እንደነበር የተገለጠው በዚያ ማዕድ ላይ ነው።

በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚባል ቦታ አለ። አሮጌ ጣሳ፣ ጠርሙስና ቁርጥራጭ ብረት እዚያ ይደርሳል፤ ተቀጥቅጦና ተበይዶ እንደገና ለሥራ ይወጣል። «ቆራሌው!» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩት ልጆች ከየቤታችን የሚወስዱት ዕቃም መንገዱ ወደዚያው ነው። የቦታው ስም ራሱ ጥያቄ ነው፦ ምን አለሽ? ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ያለችው ባለ ዕዳ መበለት ትዝ ትለኛለች። ነቢዩ ኤልሳዕ ጨንቋት ስትመጣ በቅድሚያ የጠየቃት በቤቷ ስላለው ነገር ነው። ያላት አንድ ማሰሮ ዘይት ነበር። ሌላውን፣ ማለትም ባዶ ማድጋዎቹን፣ ከጎረቤቶቿ ተዋሰች። እኔም ማዕዱን ሳሰናዳ የተከተልኩት ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ያለውን ማየት፣ ቀጥሎ መዋስ፣ በመጨረሻ መግዛት።

ከጨርቁ ልጀምር። ነጭ አንሶላ በደንብ ከተተኮሰ የጠረጴዛ ልብስ ነው። በላዩ ላይ የባለቤቴን አሮጌ ነጠላ ዘረጋሁበት። መሐሉ ተቀዷል፤ ጥለቱ ግን አዲስ ይመስላል። የተቀደደውን ወደ ውስጥ አጥፌ ጥለቱ በጠርዙ እንዲወርድ አደረግሁ። ጠረጴዛ ከሌላችሁ አትጨነቁ፤ መሶብ ወይም በሳጥን ላይ የተቀመጠ ሰፊ ትሪና ሁለት በርጩማ ይበቃል።

ዕቃው የተለያየ ሲሆን አንድ የሚያደርገው ቀለም ነው። አንድ ቀለም ምረጡና በሦስት አራት ቦታ ድገሙት። የእኛ ቀይ ነበር፤ የጥለቱ ቀይ፣ ከድሮ ስጦታ ላይ የተፈታ ሪባን፣ የአበባው ቀይ፣ ወጡም ቀይ።

ብርጭቆዎቹን ብቻ ገዛሁ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው እግር ያላቸው ሁለት ብርጭቆዎች በ80 ብር አገኘሁ፤ አንዱ ረዘም፣ ሌላው ሰፋ ያለ ነው። አሮጌ ብርጭቆ ስትገዙ በጣታችሁ ቆርቆር አድርጉት፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ይታፈናል። ከንፈሩንም በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጭጋግ የያዘውን ለብ ባለ ውሃና በኮምጣጤ ዘፍዝፋችሁ እጠቡት፤ ይጠራል። የተሰነጠቀ ሳሕን ርካሽ ነው ብላችሁ ለምግብ አትግዙ፤ የሻማ ማስቀመጫ ቢሆን ግን ምንም አይደል።

ሻማውን በሲኒ አቆምኩት። በየቤቱ ጓደኞቻቸው ተሰብረውባቸው ብቻቸውን የቀሩ ሲኒዎች አይጠፉም። ጨው ወይም ሩዝ ሞልታችሁ ሻማውን መሐል ትከሉት። የቲማቲም ድልህ ጣሳ ካላችሁ ደግሞ እንዳይጨፈለቅ ውስጡን በእርጥብ አፈር ጠቅጥቃችሁ ዙሪያውን በምስማር ብሱት፤ አፈሩን አውጥታችሁ ሻማ ስታስገቡበት ግድግዳው በብርሃን ነጠብጣብ ይሞላል። ከነጠላው፣ ከመጋረጃውና ከደረቀ ቄጠማ ግን አርቁት፤ ትታችሁትም አትውጡ።

ለአበባ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በቂ ነው። ጎረቤታችን ካሉት እማማ አጥር ላይ ሁለት ዘለላ ቀይ ቡገንቪላ ለመንኩ፤ ከደጃቸው ጤና አዳምም ጨመሩልኝ። አበባው ከዓይን በታች ይሁን። የተቀመጣችሁት ፊት ለፊት ልትተያዩ እንጂ በቅጠል ልትጋረዱ አይደለም።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። ዶሮ 12 ብልት ነው፤ ጠዋት ሁለቱን ከአንድ እንቁላል ጋር በትንሽ ድስት ለይቼ አስቀመጥኩ። ከአንድ ትሪ የምንበላ ሕዝብ ስለሆንን የሚመሳሰል የሳሕን ስብስብ አያስፈልገንም። በብርጭቆዎቹ ብርዝ ቀዳሁ።

ባለቤቴ እናቷን ታክሲ አሳፍራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። «ማን ሊመጣ ነው?» አለችኝ። «ማንም አይመጣም፤ የአንቺ ነው» አልኳት። አንድ ደንብ ብቻ ነበረን፦ ሻማው እስኪያልቅ ስለ ገንዘብ አይወራም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ወሬ ጠፋን። ሁለታችንም አፋችንን ከፍተን መለስነው። ከዚያ እሷ ብርጭቆዎቹን አይታ «እንደ እኔና እንደ አንተ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር» ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ሻማው ከግማሽ በታች ሲወርድ «አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። ሥራ ከፈታች ጀምሮ ከሰዓት ከጎረቤት ጋር በላሁ እያለች እራቷን ስትቀንስ እንደቆየች ነገረችኝ። «ሳላመጣ የምበላ ሰው ሆንኩብህ። እኔን በማግባትህ የምትጸጸት መሰለኝ» አለች። እኔ ያሰናዳሁት ንግግር አልነበረኝም። ጠቀለልኩና አጎረስኳት። እያለቀሰች በላች። እሷም አጎረሰችኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ፣ እስከ ሦስት ደረስን።

ከዚያ ማታ በኋላ ኪራዩ አልቀነሰም። ሥራ ያገኘችውም ከፋሲካ በኋላ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን ለየብቻ ማስላት ቀረ። ዕዳው የሁለታችን፣ እንጀራውም የሁለታችን መሆኑን በአፍ ሳይሆን በማዕድ ተነጋገርን። ያን ማታ ሆቴል ብንሄድ ኖሮ ይህን የምትነግረኝ አይመስለኝም፤ የሚቀርብልንን እያየች ዋጋውን ትቆጥር ነበር።

እጮኛ ያላችሁ ወጣቶች፣ ለእናንተ የማዕዱ ቦታ የቤተሰብ ሳሎን ይሁን። እናትና አባት ጓዳ እያሉ በአንድ ጥግ ሁለት በርጩማና አንድ ሻማ ማንንም አያሳፍርም፤ እንዲያውም ወላጆቻችሁ በሚቀጥለው ዓመት ለእኛስ ሊሏችሁ ይችላሉ። ወንድሞቼ፣ ይህ የሴት ሥራ ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ቀኑን ሙሉ ለእንግዳ ስትሯሯጥ የዋለች እህት ማታ ተሰናድቶ ሲጠብቃት የሚሰማት ነገር ከጽጌረዳ ይበልጣል።

ለዚህ ማታ ብላችሁ ገንዘብ አትበደሩ፤ ብርጭቆ ግን ተዋሱ። ስትመልሱም እንደ አገራችን ወግ ባዶውን አትመልሱት። አጥባችሁ አድርቁና ከበዓሉ ዳቦ ቁራሽ፣ ካልሆነም ጭብጥ ቆሎ ጨምሩበት።