ከሊማሊሞ መውረድ

ልብ ወለድ መጻፍ የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መውረድን ቢማር እላለሁ። ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ደባርቅን አልፎ ከሊማሊሞ አፋፍ ሲደርስ ተራራው፣ ገደሉና ቆላው ባንድ ጊዜ ይታዩታል፤ ሰው ግን አይታየውም። ሰው የሚታየው ጠመዝማዛውን ወርዶ አዲ አርቃይ ሲገባ ነው፤ ሙቀቱ ሲቀበለው፣ አማርኛና ትግርኛ ባንድ ገበያ ሲሰማ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይ ደረሰ። ብዙ ሰው ያንኑ ዳገት ወጥቶ ወደ ደባርቅ ተሰደደ። ስለዚያ ክረምት ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመርሁ ሰንብቻለሁ። «ሕዝቡ ተሰደደ» ብሎ መጻፍ አያዳግትም፤ ነገር ግን ይህ ከአፋፍ ላይ የታየ ነው። አንዲት እናት ሊጡን በቡሃቃው ትታ፣ በሯን ቆልፋ፣ ቁልፉን በመቀነቷ ቋጥራ ስትወጣ የጻፍሁ ዕለት ታሪኩ መራመድ ጀመረ።

በዚህ ረገድ አብነቴ የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን ናቸው። ጋዜጠኛ ነበሩ፤ «አዲስ ዘመን»ንም በአዘጋጅነት መርተዋል። አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገራቸው ከዚያ ሙያ ጋር የተዛመደ ይመስለኛል። በሦስት ክፍል ባቀረቡት «ማዕበል» የወሎን ረሃብና የ1966ቱን አብዮት የተረኩት በልብ ወለድ ሰዎች ሕይወት ውስጥ አሳልፈው ነው።

ጊዜ የለኝም ለምትሉ ወዳጆቼ ደግሞ ሐዲስ ዓለማየሁን አስታውሳችኋለሁ። በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገር ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሥራ ፈት ሰው የጻፈው አይደለም። እኔም ቀን አስተምራለሁ፤ የምጽፈው ጎሕ ሳይቀድ ነው፣ በቀን አንድ ገጽ። የጻፍሁትን ድምፄን አሰምቼ አነባለሁ፤ ምላስ የተሰናከለበትን ቃል አንባቢም ይሰናከልበታልና። ከዚያ ለወር ያህል አስቀምጬ እንደ ባዕድ ጽሑፍ እመለስበታለሁ።

ሁለት ነገር ግን አደራ። ጎረቤት ቡና ላይ ያጫወተችንን ሐዘን ሳናስፈቅድ አንውሰድ፤ ብትፈቅድም እንኳ እርሷን የሚያሳውቀውን ምልክት እንለውጥ። ሐዘኑ የእርሷ ነው፤ እኛ ተበዳሪዎች ነን።

ሁለተኛው ይከብዳል። ጠመንጃ ይዞ ለመጣውም ሰው ስም እንስጠው፤ ተከዜ ማዶ የምትጠብቀው እናትም ትኑረው። ይህን ማለት በደሉን መሸሸግ አይደለም፤ የተፈጸመው በደል በሙሉ ይጻፍ። ነገር ግን አንዱ ወገን ሰው፣ ሌላው ጥላ ብቻ የሆነበት ድርሰት ከመግለጫ አይለይም። መጽሐፌ የታተመ ቀን እዚህ ገበያ ያለው ሰው፣ ወንዙን ተሻግሮ ያለውም ሰው ገልጦ እንዲያነበው እሻለሁ። ሁለቱም ቅር የሚሰኙበት ገጽ ይኖር ይሆናል፤ ሁለቱም «ውሸት ነው» የሚሉት ገጽ እንዳይኖር ግን ገና ብዙ ንጋት መሥራት አለብኝ።